መምህር ከሕፃን የተማረባት ከተማ

የጄኔቭ ስም ሲነሣ በኢትዮጵያዊ ልብ አስቀድሞ የሚመጣው የዓለም መንግሥታት ማኅበር ነው። አገራችን በ1923 ዓ.ም. ከማኅበሩ አባሎች የተቆጠረችው በዚያች ከተማ ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1936 ዓ.ም. በመንግሥታት ሁሉ ፊት ቆመው ስለ ተወረረው ሕዝባቸው የተሟገቱት በዚያችው ከተማ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን። ነገር ግን የመንግሥታት መልእክተኞች በታላቁ አዳራሽ ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም ሲከራከሩ በነበረበት በዚያው ዘመን፣ ጥቂት መምህራን በአንዲት አነስተኛ የሕፃናት ትምህርት ቤት ጥግ ይዘው፣ የ6 ዓመት ልጆች እየተጫወቱ የሚናገሩትን ቃል አንድ ሳያስቀሩ በደብተር ይጽፉ ነበር። የዚህ ጥናት የመጀመሪያ መጽሐፍ ኢትዮጵያ ወደ ማኅበሩ በገባችበት በ1923 ዓ.ም. ታተመ። የሰው ልጅ ከሕፃንነት ተነሥቶ ወደ ሙሉ ሰውነት እንዴት እንደሚደርስ ዛሬ ዓለም ካለው ዕውቀት ከፍ ያለው ክፍል የተገኘው፣ ጠቢባን ሕፃኑን ማስተማራቸውን ለጊዜው ትተው ከሕፃኑ ለመማር በተቀመጡበት ሰዓት መሆኑን አምናለሁ፤ ይህንንም የሚያስረዳ ታሪክ ከጄኔቭ ታሪክ የበለጠ አላገኘሁም።

ከዚያ አስቀድሞ በነበሩት ዘመናት፣ በአውሮፓም ሆነ በሌላው ዓለም፣ ሕፃን በብዙዎች ዘንድ የሚታየው እንደ ጎዶሎ አዋቂ ነበር። ቁመቱ እንዳጠረ አእምሮውም እንዲሁ ያጠረ ነው፣ ዕድሜና ተግሣጽ ሲጨመሩለት ይሞላል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በእኛም ዘንድ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» የሚለው ተረት ይህንኑ ፍርድ ያጸናል፤ ቡኮው የሚመዘነው በአዋቂዎች ማዕድ ነውና። ልጁ ሊጡን ሲያቦካ ምን እንዳሰበ፣ ውሃውን ስለ ምን እንዳበዛ ወይም እንዳሳነሰ፣ ቀርቦ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አልነበረም።

ይህን ፍርድ በአደባባይ ከተቃወሙት መካከል ድምፁ እጅግ ርቆ የተሰማው የጄኔቭ ተወላጅ የሆነው ዣን ዣክ ሩሶ ነው። በ1712 ዓ.ም. ከሰዓት ሠሪ አባት ተወልዶ እናቱን በጥቂት ቀኖች ውስጥ በሞት ያጣው ይህ ሰው፣ በ1762 ዓ.ም. «ኤሚል» የተባለውን መጽሐፉን ባወጣ ጊዜ፣ ልጅነት የራሱ ሥርዓትና የራሱ ክብር ያለው ዘመን መሆኑን፣ የዕድሜ መዓርግ ሁሉም ለራሱ የሚስማማ ምግበ ሕሊና እንደሚሻ አስተማረ፤ መጽሐፉንም በአምስት ክፍል ከፍሎ፣ አንዱን ምናባዊ ደቀ መዝሙር ከአራስነት እስከ ጋብቻ ድረስ በየመዓርጉ አስከትሎ አሳየ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ሃይማኖት የተናገረው ቃል የቤተ ክህነትንና የመንግሥትን ቁጣ ስላስነሣ፣ በዚያው ዓመት በፓሪስም በገዛ ከተማው በጄኔቭም መጽሐፉ በእሳት እንዲቃጠል ተፈረደበት። ይህ ስለ ልጆች እንዲህ ያለ መጽሐፍ የጻፈ ሰው የገዛ አምስት ልጆቹን ለተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ አሳልፎ መስጠቱን ራሱ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፏል። ሩሶ ሕፃኑን በሐሳብ አከበረው እንጂ አጠገቡ ተቀምጦ አልሰማውም፤ ስለዚህም ትምህርቱ ታላቅ ትንቢት ሆኖ ሳለ፣ በምርመራ የተረጋገጠ ዕውቀት ለመሆን ሌሎች ሰዎችን መጠበቅ ነበረበት።

እነዚያም ሰዎች አስቀድመው የመጡት የገዛ ልጆቻቸውን ከተመለከቱ አባቶች ወገን ነው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ዲትሪሽ ቲደማን ስለ ልጁ ዕድገት በየጊዜው የመዘገበውን በ1787 ዓ.ም. አሳተመ። ቻርልስ ዳርዊን የበኩር ልጁን ልቅሶና ሣቅ፣ ፍርሃትና ቁጣ ሲከታተል የጻፈውን ማስታወሻ 37 ዓመት ያህል አቆይቶ በ1877 ዓ.ም. ለአንባቢ አቀረበው። ከእርሱም በኋላ ቪልሄልም ፕራየር ልጁን በየዕለቱ እየመረመረ የሰበሰበውን ጉዳይ በ1882 ዓ.ም. ስለ ሕፃን ነፍስ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ሰብስቦ፣ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ ጽኑ ሥርዓት አበጀለት። ሲግመንድ ፍሮይድም በቪየና ሆኖ በ1905 ዓ.ም. ባወጣው ድርሳኑ የአዋቂው ሰው ጭንቀትና ምኞት ሥሩ በሕፃንነት ዘመን የተተከለ መሆኑን ሲያስተምር፣ ዓለምን ቢያስደነግጥም የልጅነትን ዕድሜ ቀላል አድርጎ መመልከት እንዳይቻል አደረገ። እርሱ ግን ትምህርቱን የሰበሰበው በአመዛኙ አዋቂዎች ወደ ኋላ እያሰቡ ከነገሩት ስለ ነበረ፣ የሕፃኑ የራሱ ቃል ገና አልተደመጠም ነበር።

ሩሶ ከተወለደ 200 ዓመት በሞላበት በ1912 ዓ.ም.፣ ኤዱዋር ክላፓሬድ የተባለ የጄኔቭ ሐኪምና የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ለመምህራን ማሠልጠኛና ለሕፃናት ጠባይ መመርመሪያ የሚሆን ቤት አቋቋመ፤ በሩሶም ስም ሰየመው፤ ለመጀመሪያው አስተዳዳሪነት ፒየር ቦቬን መረጠ። ክላፓሬድ እንደ ሐኪምነቱ የሰውን አካል ያጠና ስለ ነበረ፣ ልብስ ሰፊ የደንበኛውን ቁመት ለክቶ እንደሚሰፋ መምህርም የተማሪውን አእምሮ ሳይለካ ትምህርት ሊቆርጥለት አይገባም ብሎ ያምን ነበር። ለተቋሙም መምህር ከሕፃን ይማር የሚለውን የላቲን ቃል መፈክር አድርጎ ሰጠው። በዓመቱ፣ በ1913 ዓ.ም.፣ ከተቋሙ ጋር የተያያዘ የታናናሾች ቤት የተባለ የሕፃናት ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሚና ኦደማርስና ሉዊዝ ላፋንደል የተባሉ ሁለት መምህራት ይመሩት ነበር። በዚያ ቤት ሕፃናቱ እንደ ልባቸው ይሠራሉ፣ ይሥላሉ፣ ይገነባሉ፣ ያወራሉ፤ አስተማሪዎቹም ከመገሠጽ ይልቅ ማየትን ያስቀድማሉ። የተቋሙ ገንዘብ ጥቂት፣ ቤቱም ጠባብ ቢሆንም፣ የሕፃን ጨዋታ እንደ ከበረ ሰነድ የሚቆጠርበት ስፍራ በዚህ ተገኘ።

ወደዚህ ቤት በ1921 ዓ.ም. በክላፓሬድ ጥሪ የመጣው ወጣት ዣን ፒያዤ ይባላል። በ1896 ዓ.ም. በኑሻቴል ከተማ የተወለደው ፒያዤ፣ ገና ብላቴና ሳለ በ1907 ዓ.ም. ስለ አንዲት ነጭ ድንቢጥ አጭር ማስታወሻ በመጽሔት ላይ ያሳተመ፣ በ1918 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ቀንድ አውጣና መሰሎቹ ፍጥረታት በጻፈው ድርሳን የዶክተርነትን መዓርግ የተቀበለ ሰው ነበር። ፍጥረታት ከሚኖሩበት ውሃና አፈር ጋር እየተስማሙ እንዴት እንደሚለወጡ ከወጣትነቱ ጀምሮ አጥንቷልና፣ የሰው ዕውቀትም እንዲሁ ሕይወት ያለው፣ የሚያድግ፣ ከዓለም ጋር እየተጋጠመ ራሱን የሚያቃና ነገር እንደ ሆነ ይጠረጥር ነበር።

ይህን ጥርጣሬ ወደ ምርመራ የለወጠው በፓሪስ ያገኘው ሥራ ነው። አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ዓ.ም. የልጆችን የአእምሮ ችሎታ የሚለካ ፈተና አዘጋጅተው ነበር፤ ቢኔ ከሞተ በኋላ ሲሞን ለወጣቱ ፒያዤ ከእንግሊዝ አገር የመጣውን የማመዛዘን ፈተና ለፓሪስ ልጆች እንዲያስተካክል አደራ ሰጠው። ሥራው ቀላል ይመስል ነበር፤ መጠየቅ፣ ትክክለኛውን መልስ መቁጠር፣ የተሳሳተውን መጣል። ፒያዤ ግን የተጣለውን አነሣ። በአንድ ዕድሜ የሚገኙ ልጆች በአንድ ዓይነት መንገድ እንደሚሳሳቱ፣ ዕድሜያቸውም ሲገፋ ያ ስሕተት ጠፍቶ ሌላ ዓይነት ማመዛዘን በስፍራው እንደሚተካ ባየ ጊዜ፣ ስሕተቱ ሥርዓት ያለው መሆኑ ተገለጠለት። ሥርዓት ያለው ስሕተት ደግሞ የማያስብ አእምሮ ሥራ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ፈተናውን ወደ ጎን አድርጎ፣ ቀደም ሲል በዙሪክ የአእምሮ ሐኪሞች ከሕሙማን ጋር ሲነጋገሩ ያየውን ዘዴ በመከተል፣ ከልጆቹ ጋር መነጋገር ጀመረ፤ ለመልሳቸውም «እንዴት አወቅህ?» «ስለ ምን እንዲህ አልህ?» የሚል ጥያቄ እያስከተለ፣ የሐሳባቸውን ዱካ እስከ ምንጩ ይከታተል ገባ።

በጄኔቭ ይህ ዘዴ ሙሉ ፍሬ አፈራ። በታናናሾች ቤት ሁለት የ6 ዓመት ልጆች አንድ ወር ያህል በየማለዳው ክፍል የተናገሩት ሁሉ ተጽፎ ሲመረመር፣ በገዛ አነሣሽነታቸው ከተናገሩት ቃል ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀረው ለሌላ ሰው መልእክት ለማድረስ የተነገረ አልነበረም። ልጁ እየሠራ ለራሱ ያወራል፤ አጠገቡ ያለው ልጅም እንዲሁ ለራሱ ያወራል፤ ሁለቱም የተነጋገሩ ይመስላቸዋል። ፒያዤ ይህን ንግግር ልጁ ከራሱ እይታ ወጥቶ በሌላው ዓይን ማየት ገና ያልቻለ ለመሆኑ ምልክት አድርጎ ተረጐመው። በቀጠሉት ዓመታት ባሳተማቸው መጻሕፍት ደግሞ ስለ ፀሐይና ስለ ጨረቃ፣ ስለ ነፋስና ስለ ሕልም ሕፃናቱን ጠየቀ፤ እነርሱም ጨረቃ በመንገድ እንደምትከተላቸው፣ ነፋስን ዛፎች እንደሚያስነሡት፣ ሕልም ከውጭ ወደ መኝታ ቤት እንደሚገባ በሙሉ እምነት ነገሩት።

ከእነዚህ መጻሕፍት ለእኔ ልብን የሚነካው በ1932 ዓ.ም. የታተመው፣ ስለ ልጆች የግብረ ገብ ፍርድ የተጻፈው ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህር የሆነ ሰው ከልጆች ጋር ብይ እየተጫወተ የጨዋታው ሕግ ከወዴት እንደ መጣ፣ ሊለወጥም ይችል እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ታናናሾቹ ሕጉ ከአባቶች የተላለፈና ሊነካ የማይገባው ነው ሲሉ፣ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ሁሉ ከተስማሙበት ሊለወጥ ይችላል አሉ። ደግሞም የሁለት ልጆችን ታሪክ ነገራቸው፤ አንደኛው ለምሳ ተጠርቶ ሲገባ ከበሩ ኋላ የተቀመጡትን 15 ሲኒዎች ሳያውቅ ገፍትሮ ሰበረ፤ ሁለተኛው እናቱ በሌለችበት ከቁም ሣጥን ማርማላታ ለመስረቅ ሲንጠራራ አንድ ሲኒ ሰበረ። ከሁለቱ በደሉ የከፋ ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ ታናናሾቹ ብዙ ጊዜ 15 የሰበረውን ኮነኑ፤ ታላላቆቹ ግን የልብን ሐሳብ መዝነው የሰረቀውን ኮነኑ። ፍትሕ በአንደበት ብቻ የሚተላለፍ ትእዛዝ አለመሆኑን፣ ልጆች እርስ በርሳቸው እኩል ሆነው ሲጫወቱ፣ ሲጣሉና ሲታረቁ በገዛ እጃቸው የሚገነቡት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ፒያዤ በ1923 ዓ.ም. ቫለንቲን ሻትኔ የምትባል የተቋሙን ተማሪ አግብቶ፣ ከ1925 እስከ 1931 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆች ወልደዋል። ባልና ሚስት በእነዚህ ሦስት ሕፃናት አልጋ ዙሪያ ያደረጉት ምርመራ በ1936 ዓ.ም. የአእምሮ ልደት በሕፃን ላይ እንዴት እንደሚፈጸም የሚያስረዳ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ምርመራው ያለ ገንዘብና ያለ መሣሪያ የተደረገ ነበር። ሕፃኑ የሚወደውን አሻንጉሊት ፊቱ ላይ ያኖሩና በጨርቅ ይሸፍኑታል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕፃኑ ነገሩ ከዓለም እንደ ጠፋ ሁሉ ፊቱን ያዞራል፤ ወደ 9 ወር ሲቃረብ ግን እጁን ዘርግቶ ጨርቁን ይገልጣል። የማይታይ ነገርም መኖሩን ማወቅ፣ ለአዋቂ እንደ ትንፋሽ የቀለለው ይህ እምነት፣ በድካምና በሙከራ የሚገኝ የሕፃን ድል መሆኑ በዚህ ተገለጠ።

ቤርቤል ኢንሄልደርና ፖላንዳዊቱ አሊና ሼሚንስካ ከፒያዤ ጋር ሲሠሩ ደግሞ፣ የታወቀው የውሃ ጥያቄ በ1941 ዓ.ም. በወጡት መጻሕፍት ተብራራ። በሁለት ተመሳሳይ ብርጭቆዎች እኩል ውሃ ይቀዳል፤ ሕፃኑም እኩል መሆኑን ይመሰክራል፤ ከዚያ አንደኛው በፊቱ ወደ ረጅምና ቀጭን ብርጭቆ ይገለበጣል። የ5 ዓመት ልጅ ውሃው በዛ ይላል፤ የ8 ዓመት ልጅ ግን ምንም አልተጨመረም፣ ምንም አልተቀነሰም፣ መልሰህ ብትገለብጠው ያው ነው ብሎ ይከራከራል። ከእንዲህ ያለው ምርመራ ሁሉ ተጠቃሎ አራቱ መዓርጋት ተሠሩ፤ እስከ 2 ዓመት በስሜት ሕዋሳትና በእንቅስቃሴ የሚታሰብበት፣ እስከ 7 ዓመት ቃልና ምስል የሚገኝበት ግን ሐሳብ በሚታየው ነገር የሚታለልበት፣ እስከ 11 ወይም 12 ዓመት በተጨባጭ ነገሮች ላይ በሥርዓት የሚመዛዘንበት፣ ከዚያም ወዲያ ያልታየውንና ሊሆን የሚችለውን በሐሳብ ብቻ የሚመረመርበት። ልጁ አዲሱን ነገር ቀድሞ ባለው ዕውቀት ይቀበለዋል፤ ዕውቀቱ ሳይበቃው ሲቀር ደግሞ ዕውቀቱን ራሱን ይለውጣል፤ ዕድገት በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚገኝ ሚዛን ነው ሲል ፒያዤ አስተማረ።

የዚህ ትምህርት ታላቅ ተቃዋሚ በሞስኮ ተነሣ። ሌቭ ቪጎትስኪ በዚያው ፒያዤ በተወለደበት በ1896 ዓ.ም. ተወልዶ፣ በ1934 ዓ.ም. ገና በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተ ሊቅ ነው። የፒያዤ መጻሕፍት በሩሲያኛ በ1932 ዓ.ም. ሲታተሙ መቅድሙን የጻፈው እርሱ ነበር፤ በአክብሮት ጀምሮ በጽኑ ክርክር ፈጸመው። ልጁ ለራሱ ማውራቱን እርሱም ሰምቷል፤ ነገር ግን ሥዕል የሚሥል ልጅ የሚፈልገው እርሳስ ሆን ተብሎ ሲጎድልበት ይህ ንግግር እጥፍ ወደ መሆን መድረሱን ስላየ፣ ንግግሩ የድካም ምልክት ሳይሆን የሐሳብ መሣሪያ ነው ሲል ወሰነ። ልጁ ቃልን አስቀድሞ ከሰዎች ጋር በመኖር ይቀበላል፤ ከዚያ ለራሱ ጮክ ብሎ ይናገረዋል፤ በመጨረሻም ወደ ውስጥ ይገባና ዝምተኛ ሐሳብ ይሆናል። እንግዲህ ለፒያዤ ልጁ ዓለምን በገዛ እጁ የሚመረምር ሲሆን፣ ለቪጎትስኪ ደግሞ በታላቁ እጅ ተደግፎ ብቻውን የማይደርስበት የሚደርስ ነው። የቪጎትስኪ ሥራ በገዛ አገሩ ለብዙ ዓመት ታፍኖ ከቆየ በኋላ በ1962 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ሲወጣ፣ ፒያዤ እኩያው ከሞተ ከ28 ዓመት በኋላ መልስ ጻፈለት፤ በአንዳንዱም ነገር እውነቱ ከእርሱ ጋር መሆኑን መሰከረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄኔቭ እንደ ገና መሰብሰቢያ ሆነች። ጦርነቱ ብዙ ሕፃናትን ያለ ወላጅ ስላስቀረ፣ የዓለም የጤና ድርጅት እንግሊዛዊውን ሐኪም ጆን ቦልቢን መርምሮ እንዲያስረዳ ጠየቀው፤ እርሱም በ1951 ዓ.ም. ባቀረበው ድርሳን፣ የእናት ወይም የምትተካት ሰው ጽኑ ፍቅር ለሕፃኑ ነፍስ እንደ ምግብ የሚያስፈልግ መሆኑን አስረዳ። ይኸው ድርጅት ከ1953 እስከ 1956 ዓ.ም. በየዓመቱ የሊቃውንት ጉባኤ ሲሰበስብ፣ አብዛኛው ስብሰባ በጄኔቭ ተደረገ፤ ፒያዤና ኢንሄልደር፣ ቦልቢ፣ የእንስሳትን ጠባይ ያጠናው ኮንራድ ሎሬንዝ፣ የሕዝቦችን ልማድ ያጠናችው ማርጋሬት ሚድ በአንድ ጠረጴዛ ተከራከሩ። ኤሪክ ኤሪክሰንም ተካፍሎበታል፤ እርሱ በ1950 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፍ የሰው ዕድገት በጉልምስና እንደማይቆም፣ አራስ ዓለምን ከማመን ጀምሮ ሽማግሌ ያለፈ ሕይወቱን በሰላም እስከ መቀበል ድረስ በስምንት መዓርግ እንደሚፈተን ያስተማረ ነው።

ከቦልቢ ጋር በሎንዶን የሠራችው ሜሪ ኤንስዎርዝ ደግሞ፣ በ1954 እና በ1955 ዓ.ም. ወደ ኡጋንዳ ሄዳ በካምፓላ አካባቢ በሚገኙ መንደሮች 26 ቤተ ሰቦችን እየጎበኘች እናቶችና ሕፃናት በየዕለቱ እንዴት እንደሚኖሩ አየች። ሕፃኑ እናቱን እንደ ምሽግ አድርጎ ከእርሷ ተነሥቶ ዓለምን እንደሚመረምር፣ ሲፈራም ወደ እርሷ እንደሚመለስ ያስተዋለችው በእነዚያ ቤቶች ነው፤ መጽሐፏም በ1967 ዓ.ም. ወጣ። የምዕራቡ ዓለም ዛሬ ስለ እናትና ልጅ ፍቅር ከሚያስተምረው ትምህርት አንዱ ምሰሶ የቆመው በአፍሪካ እናቶች ደጃፍ መሆኑን ማወቅ ለእኛ ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ትምህርት እንከን የለበትም አይባልም። የጄኔቭ መዓርጋት የተሠሩት በአብዛኛው በስዊስ ልጆች፣ የመጀመሪያውም መዓርግ በሦስት የአንድ ሊቅ ልጆች ላይ ነው። በ1985 ዓ.ም. የታተመ የአሜሪካ ጥናት የ5 ወር ሕፃናት እጃቸውን ዘርግተው መፈለግ ሳይችሉ በፊት የተሰወረ ነገር መኖሩን እንደሚያውቁ ዓይናቸው የሚቆይበትን ጊዜ በመለካት አሳይቷል። ፒያዤም ራሱ በ1972 ዓ.ም. በጻፈው፣ ወጣቶች ወደ መጨረሻው መዓርግ የሚደርሱት እንደ ዝንባሌያቸውና እንደ ሥራቸው በልዩ ልዩ መስክ መሆኑን ተቀብሏል። በ1980 ዓ.ም. በጄኔቭ እስኪሞት ድረስ መጠየቁን አላቆመም።

ነገር ግን እርማቱ ሁሉ የመጣው በዚያው በአንዱ መንገድ መሆኑን ልብ እንበል፤ ሌላ ሰው ሌላ ሕፃን አጠገብ ተቀምጦ የተሻለ ጥያቄ ስለ ጠየቀ። ስለዚህ የጄኔቭ ሊቃውንት ያወረሱን ዋናው ሀብት የዕድሜ ሰንጠረዥ አይደለም፤ ሰንጠረዡ ሊታረም ይችላል፣ ታርሟልም። ያወረሱን፣ የልጅን የተሳሳተ መልስ ከመቅጣት በፊት መመርመር የሊቅነት ሥራ መሆኑን ነው። የአገራችን መምህር ለክፍሉ ልጆች «እንዴት አወቅህ?» የሚለውን ጥያቄ በገዛ ቋንቋቸው ቢያቀርብ፣ በገበያው ስፍር፣ በገበጣው ቆጠራ፣ በእረኞች የጨዋታ ሕግ ላይ ተመሥርቶ መልሳቸውን በጥንቃቄ ቢጽፍ፣ ለተማሪዎቹ የሚስማማውን ትምህርት ከማግኘቱም በላይ፣ ስለ ሰው ልጅ ዕድገት ገና ያልተሟላውን ዕውቀት ለዓለም የሚያሟላ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ክላፓሬድና ባልደረቦቹ የነበራቸው ጠባብ ቤት፣ ደብተርና ትዕግሥት ነው፤ እነዚህንም የምናጣ ሕዝብ አይደለንም።